በዝናቡ ጫካ ያልደረቀው አንሶላ

ባለፈው ዓርብ ልጄ ሊድያ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው። ኩዌት፣ ሳልዋ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው። እሷ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ እኔ በሰዓት እየሄድኩ የሰው ቤት አጸዳለሁ። ፎቶውን የላከችላት አንዲት ደንበኛዋ ናት። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ የተቀመጠ ቤት፣ ሰፊ በረንዳ።

"እማዬ፣ እስቲ እዪው። ገነት አይመስልም?"

"እንዲህ ያለ ቦታ አሥር ቀን ተቀምጫለሁ" አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። "አንቺ? በህልምሽ ነው?"

"በውኔ ነው። አንቺ ሳትወለጂ።"

ሳቋን ተወችና አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ ማውራት አልወድም። ያን ቀን ግን ነገርኳት፤ ከነገርኳት ወዲህም ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ እጽፈዋለሁ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የአሠሪዬ የማዳም ቤት እዚሁ ሳልዋ፣ ከባሕሩ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ አገሬ ሳልሄድ እሷ ዘንድ ሠርቻለሁ። በሐምሌ ወንድሜ ከአገር ቤት፣ ከፍቼ ከተማ ደወለ። "እማዬ ተኝታለች፤ ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠንም። በሕይወት ታገኚያት እንደሆነ ቶሎ ነይ" አለኝ።

ለማዳም ነገርኳት። ክፉ ሴት አልነበረችም። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ "ለሽርሽር ልንሄድ ነው፤ ልጆቹን ማን ይይዝልኛል? አሥር ቀን ታገሺኝ። በተመለስን ማግሥት ትሄጃለሽ፤ እናትሽ እስክትድን ትቀመጫለሽ" አለችኝ። ቃሏን የምታከብር ሴት ናት። ከተቀየመች ግን ቃሏም አብሯት ይቀየማል፤ ይህን በሦስት ዓመት ውስጥ ተምሬአለሁ። ስለዚህ ለራሴ ወሰንኩ፤ በእነዚህ አሥር ቀናት አንዲት ጥፋት እንኳ አይገኝብኝም።

ከኩዌት ስንወጣ ነሐሴ ነው፤ በር ሲከፈት ንፋሱ ፊት ይለበልባል። ማሌዥያ ደርሰን፣ ከመኪናም ወርደን በትንሽ ጀልባ ወንዝ ተሻግረን የምናርፍበት ሎጅ ስንገባ ዝናብ ተቀበለን። እንዲህ ያለ ዝናብ አላውቅም። የአገራችን ክረምት መጥቶ ያባራል፤ የዚያ ጫካ ዝናብ ግን ሲያቆም እንኳ ከቅጠል ወደ ቅጠል መውረዱን አይተውም። ዛፎቹ ሰማዩን ሸፍነውታል። አፈሩ፣ የረጠበው ቅጠል፣ የበሰለው ፍራፍሬ ሽታው አንድ ላይ ተቀላቅሎ ደረት ውስጥ ይገባል። ጦጣዎች በረንዳው ላይ መጥተው ይቀመጡና እንደ ቤተኛ ያዩናል።

በመጀመሪያው ቀን ምግብ ቤት ስንገባ አስተናጋጁ ወንበር ሳበልኝ። ለማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማዳም በቀስታ፣ "ተቀመጪ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው" አለችኝ። ተቀመጥኩ። በፊቴ የተደረደረው ሥጋና ዓሣ፣ ቅቤና ጣፋጭ ተቆጥሮ አያልቅም። ፍልሰታ ነበር። ለእናቴ ተስዬ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም፤ ከዚያ ሩዝና ፍራፍሬ እበላለሁ። ፀጉር ያለው ቀይ ፍሬ ነበራቸው፤ ሲላጥ ውስጡ ነጭ ነው። ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እያሰብኩ እበላው ነበር።

ሌሊቱ ሲነጋ ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ፣ እነማዳም ቁርስ ሲሄዱ አልጋዎቹን አነጥፋለሁ፣ መታጠቢያ ቤቱን እፈትጋለሁ፣ ወለሉን እወለውላለሁ። እንዲህ ያለ ቦታ አጽጂ ሌላ ሰው እንዳለው አላጣሁትም፤ እጄ ግን ከማሰቤ በፊት ይሠራል። በሁለተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ጋሪ የምትገፋ፣ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያለች ቀጭን ሴት ናት። ስሟ ያንቲ ይባላል፤ አገሯ ኢንዶኔዥያ ነው። ሳዑዲ ስድስት ዓመት ሠርታ ነበርና የወጥ ቤት ዓረብኛ ታውቃለች።

"ኸላስ፣ ጨርሻለሁ" አልኳት።

በትከሻዬ በኩል አሻግራ አየችና አፏን ያዘች። "አንቺ እንግዳ ነሽ ወይስ ሠራተኛ?"

"ሠራተኛ።"

"እንግዲያው እህቴ ነሻ! ሌሎቹንም ቤቶች ነይና ሥሪልኝ።" ሳቀች። በቀን አሥራ አራት ቤት፣ ያን ሁሉ የሚያዳልጥ ደረጃ እየወጣች እየወረደች ታጸዳ ነበር። ንጹሕ ፎጣ ሰጠችኝ፣ ወረቀቷ ላይ ፈረመችና ሄደች። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንዲሁ ሆነ። እሷ ከሥራው እፎይ አለች፤ እኔም ማዳም ፊት ትጉ መስዬ ታየሁ።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ጭማቂ ይዘው እናታቸው አልጋ ላይ ሲዘሉ አንሶላውን አበላሹት። ከያንቲ ሌላ መቀበል ይቻል ነበር። ግን ልጆቹን እየጠበቅሁ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ነገሩ ማዳም ጆሮ እንዳይደርስ ፈራሁ። ቁምሳጥን ውስጥ የነበረውን ትርፍ አንሶላ አነጠፍኩና የተበላሸውን ገንዳ ውስጥ አጥቤ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ኋላ ያለው ሽቦ ላይ ሰጣሁት። ኩዌት በነሐሴ አንሶላ ሰጥተሽ ሁለተኛውን እስክትጨምቂ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቅሻል። እጄ የሚያውቀው ያንን ፀሐይ ነው። በዚያ ጫካ ግን አንሶላው ሦስት ቀን ተሰጥቶ ሦስት ቀን እንደረጠበ ቆየ። አገላበጥኩት፣ በእጄ ደጋግሜ ጨመቅሁት። በመጨረሻ የደረቀ መሰለኝና መልሼ የማዳም አልጋ ላይ አነጠፍኩት።

ከምሳ በኋላ ማዳም ጋደም አለች። ወዲያው ብድግ አለች። "ይሄ ምንድን ነው? እርጥብ ነው! ሸቷል!" አንሶላውን ስትገልጠው ጥግ ጥጉ አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል። ስልክ አነሳች።

ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አለቃ መጣ፤ ያንቲ ወረቀቷን ይዛ ከኋላው ቆማለች። ወረቀቱ አንሶላው በየቀኑ ተለውጧል ይላል፤ ፊርማውም የእሷ ነው። አለቃው በእንግሊዝኛ ለማዳም ብዙ ነገር ተናገረ። ማዳም ወደ እኔ ዞራ በዓረብኛ፣ "ዛሬውኑ አባርራታለሁ ይላል። አንቺ ቤት ውስጥ ነበርሽ፤ ይቺ ሴት አንሶላ ለውጣ ታውቃለች?" አለችኝ።

ያንቲ ዓረብኛውን ሰምታለች። ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች።

"አልለወጠችም" ማለት ይበቃኝ ነበር። ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ውሸት እንደማልናገር አውቃለሁ። ይህ ግን እውነት ነው። በዚያች እውነት ላይ ቆሜ ዝም ብል ማዳም አትቀየመኝም፤ ከአምስት ቀን በኋላ እናቴ ዘንድ እሆናለሁ። ለእናቴ ብዬ ጾሜአለሁ፤ በእናቴ ስም የሰው እንጀራ ልቆርጥ ነው ብዬ አሰብኩ።

"አልለወጠችም" አልኩ። "በር ላይ እየመለስኳት ነው። የማጸዳው እኔ ነኝ። አንሶላውንም ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

የማዳም ፊት ቀላ። አለቃው ምን እንዳልኩ ጠየቃት። አዛብታ ብትነግረው ማን ያውቅባት ነበር? እሷ ግን እንዳልኩት አድርጋ ነገረችው፤ ከገጻቸው ገባኝ። ስለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። አለቃው እኔን አየኝ፣ ማዳምን አያት፣ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ያንቲን ተግሣጽ እንጂ ስንብት አላገኛትም።

በሩ ሲዘጋ ማዳም፣ "እስከ ጫካ ድረስ ሠራተኛ አስከትላ አንሶላ ታሳጥባለች ይሉኛል። በሰው ፊት አሳፈርሽኝ" አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የመሄድሽን ነገር እርሺው" አለችኝ።

በማግሥቱ ያንቲ ስትመጣ በር ላይ ልቆም ብል ክንዴን ይዛ በረንዳው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። "እጆችሽን አሳርፊያቸው" አለችና ሥራዋን ጀመረች። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሰው ለእኔ አልጋ ሲያነጥፍ ስመለከት የመጀመሪያዬ ነበር፤ የት እንደማይ ጠፋኝ።

"ለምን ተናገርሽ?" አለችኝ ትራሱን እያስተካከለች።

"ጾም ላይ ነኝ።"

ራሷን ነቀነቀች። እሷም ረመዳን ትጾማለችና ሌላ አልጠየቀችኝም።

ኩዌት ተመለስን። መስከረም አለፈ፤ ማዳም ከትእዛዝ በስተቀር አታናግረኝም። ወንድሜ በደወለ ቁጥር ስልኩን ለማንሳት እፈራ ነበር። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ድስት እያጠብኩ ማዳም ወጥ ቤት ገባች፤ ትኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ሂጂ" አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ፣ "እናትሽን ሰላም በይልኝ" አለች። ምን እንዳራራት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። እግዚአብሔር ለሠራው ሥራ ሰው አይጠየቅም።

እናቴን በሕይወት አገኘኋት። ዘጠኝ ቀን አስታመምኳት። አጠብኳት፣ አጥሚት አጠጣኋት፣ ፀጉሯን አበጠርኩላት። በሰባተኛው ቀን ለቀቅ ሲያደርጋት፣ "አስቴርዬ፣ ምን አቆየሽ?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ዝናቡን፣ ጦጣዎቹን፣ አንሶላውን፣ የተናገርኩትን። ስጨርስ ብታዝንብኝ እንኳ የሚገባኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ፣ "ሴትዮዋ እንጀራዋን አላጣችም?" አለችኝ።

"አላጣችም፣ እማዬ።"

"ተመስገን" አለችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፈች።

ከዚያ አግብቼ ሊድያን ወለድኩ፤ ኑሮ ደግሞ ወደዚሁ አገር መለሰኝ። ያን ዓርብ ሊድያ ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ዝም ብትዪ ኖሮ ከአያቴ ጋር ሁለት ወር ሙሉ ትቆዪ ነበር እኮ" አለችኝ።

"አዎ፣ እቆይ ነበር።"

"አይቆጭሽም?"

አልዋሸኋትም። ያ ሁለት ወር ዛሬም ያንገበግበኛል። በተለይ ጥቅምት ሲመጣ፣ እዚህ ሙቀቱ ሰበር ሲል፣ ልቤ ይከብዳል። ግን የተሰጡኝን ዘጠኝ ቀናት እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየሁ አስታመምኳት፤ ከእሷ የደበቅሁት ነገር አልነበረኝም። ዘጠኙን ቀን ለሰጠኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው አልኳትና ለራት ተነሳሁ።