የገበያነሽ ዋይፋይ

ገበያነሽ ከሰው ስትጣላ አትጮህም፣ አትሳደብም። መስመር ትዘጋለች። ይህን የተማረችው በሥራ ነው። ዕድሜዋን በአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ቤት ተቀምጣ መስመር ስታገናኝ ነው የኖረችው። ከውጭ የሚደወለው ሁሉ መጀመሪያ እሷ ጋ ይገባል፤ ኃላፊም ሆነ የኃላፊ ሚስት የሚገናኘው እሷ ስትፈቅድ ነው። ጠዋት ሰላምታ የነፈጋት ሰው ከሰዓት በኋላ መስመሩ ሁሉ ይያዝበታል። መሥሪያ ቤቱ ዘመናዊ ስልክ አስገብቶ እሷን በጡረታ ሲያሰናብት ኬክ ተቆርሶላታል። የቆራሾቹን ፊት ግን አይታዋለች፤ ተገላገልን የሚል ፊት ነበር። እስከ ዛሬ አልማረቻቸውም።

የካዛንቺስ ቤቷ ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ። አብዛኛው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰው፤ እሷ ግን እህቷ ስትሞት የተወችላት፣ ባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ያለች ቤት ገባች። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤቶች አሉ። አንዱ የሷ ነው፣ በአንዱ ጡረተኛው መምህር አቶ ሃድጉ ይኖራሉ፣ ሦስተኛውን ቢሊሴ የምትባል ወጣት ተከራይታዋለች። ገበያነሽ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ዕድሯም ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። በሯን የሚያንኳኳ ሰው ከተገኘ ከነዚህ ከሁለቱ ቤቶች ነው። ያ ማንኳኳት እንዳይቀርባት ነው ፍርሃቷ። ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ የዚህ ሁሉ ነገር መነሻ ግን እሱ ነው።

ኢንተርኔት ወደ ግቢው የገባው በሷ ስም ነው። ሦስቱም ቤት ወጪውን እኩል ሊጋሩ ተስማሙና ዮአብ የሚባል የመስመር ባለሙያ መጥቶ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ቡፌዋ ላይ አስቀመጠ። "በቃ፣ ይኼ ሞደም ነው፣ ይኼ ራውተር ነው" ብሎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመችበት። ቤቷ የተቀመጠ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ሳይነግራት ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀችው። ምስኪን ዮአብ መሰላሉን ግድግዳ አስደግፎ ማስረዳት ጀመረ።

ሞደሙ ከውጭ በቀጭኑ ገመድ የሚመጣውን ተቀብሎ የቤቱ ዕቃዎች ወደሚገባቸው ቋንቋ የሚተረጉም ነው አላት። ራውተሩ ደግሞ ከሞደሙ ተቀብሎ ለየስልኩና ለየኮምፒውተሩ ያከፋፍላል። የአንዱ መልእክት ለሌላው እንዳይሄድበት ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል፤ ያ ቁጥር አይፒ አድራሻ ይባላል። ባንድዊድዝ የሚሉት በአንድ ጊዜ ምን ያህል ነገር በመስመሩ ማለፍ እንደሚችል ነው፤ አንዱ ብዙ ከወሰደ ሌላው ይንቀራፈፍበታል። ገበያነሽ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። አይፒ አድራሻው የየቢሮው የውስጥ ስልክ ቁጥር ነው። ራውተሩ ራሷ ናት፤ ከነወንበሯ፣ ከነማዳመጫዋ። አንድ ነገር ብቻ ነው ሁለት ጊዜ የጠየቀችው፤ ፓስወርዱን የሚወስነው ማን እንደሆነ። ራውተሩ ቤቱ ያለው ሰው ነው ሲላት ምሳ ካልበላህ አትሄድም ብላ አስቀመጠችው።

ምሳውን እየበላ ነው ዮአብ የማያስፈልገውን የጨመረው። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ይመስላቸዋል ሰዎች፣ አይደለም፣ አላት። ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስልኩ ድረስ በአየር ያለው መንገድ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ከሞደሙ ወዲያ ነው። ሁለቱን ሳጥኖች የምታገናኘው አጭር ገመድ ከወለቀች ስልኩ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ግን ምንም ነገር አይከፍትም። ይህን ያስረዳት ብልሽት ሲኖር በከንቱ እንዳትደናገጥ ብሎ ነበር። እሷ ግን ለክፉ ቀን ያዘችው።

ያ ቀን ሳይቆይ መጣ። ቢሊሴ የምትሠራው ከቤቷ ነው። የአንድ የውጭ አገር ድርጅት ደንበኞችን በኮምፒውተር ታነጋግራለች፤ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ በእንግሊዝኛ ስትለማመጥ ትውላለች። ገበያነሽ ደግሞ ከቁርስ በኋላ ስብከት በቪዲዮ ከፍታ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትከትፋለች። አንድ ጠዋት ቢሊሴ በሩ ላይ ብቅ አለች።

"ማዘር፣ ሚቲንግ ላይ ስሆን ቪዲዮውን ትንሽ ፖዝ ቢያደርጉልኝ? ማለቴ፣ ባንድዊድዙን እየጨረሰብኝ ነው።"

ገበያነሽ የሰማችው ሁሉ ቆጠቆጣት። ማዘር የታክሲ ረዳት የሚጠራበት ስም ነው፤ እሷ በሰፈሯ እትዬ ገበያነሽ ነበረች። ቆይ፣ የትናንት ተከራይ በሷ ስም የገባውን መስመር "እየጨረሰብኝ" የምትለው በምን አንጀቷ ነው? የሚጨርሰውስ የእግዜር ቃል አይደል? በአፏ እሺ አለቻት። ከሰዓት በኋላ አቶ ሃድጉን ይዛ ነገሩን ጨው በርበሬ ጨምራ አወራቻቸው። በማግስቱ፣ ልጅቷ ከደንበኛዋ ጋር ሞቅ ያለ ወሬ ላይ እያለች፣ አጭሯን ገመድ ነቀለቻት።

ከዚያ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ማየት ጀመረች። ቢሊሴ ስልኳን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጋ ግቢውን ትዞራለች። ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ የሚከፍተው ነገር የለም። መጥታ ስትጠይቃት ገበያነሽ ቡፌው ድረስ አስገብታ የራውተሩን መብራት አሳየቻት፤ ገመዷን ግን አስቀድማ መልሳ ሰክታለች። የኔ ቤቱ ደህና ነው፣ ያንቺ ኮምፒውተር ይሆናል አለቻት። ልጅቷ አምናት ኮምፒውተሯን ተሸክማ ሜክሲኮ ጥገና ቤት ወስዳ አስፈተሸችው፤ ደህና ነው ተባለች። ደግማ ወሰደችው። ገበያነሽ እየነቀለች፣ እየሰካች ሰነበተች። የለየለት ክፋት ነው፣ ምን ይባላል ሌላ? ለገበያነሽ ግን ጡረታ ከወጣች ወዲህ እንደዚያ ሰሞን የጣማት ጊዜ አልነበረም፤ ምክንያቱም ልጅቷ በቀን ሁለት ሦስቴ በሯን ታንኳኳ ነበር።

መጨረሻ ላይ ቢሊሴ ሳታንኳኳ ገባች። ገመዷ ገበያነሽ እጅ ላይ ነበረች።

"እርስዎ ነዎት?" አለች ቢሊሴ። "አለቃዬ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኛል እኮ። እኔ ኮምፒውተር ተሸክሜ ስንከራተት እርስዎ ነዎት?"

"ቤቱም የኔ፣ ገመዱም የኔ። አንቺን ማን ግቢ አለሽ?"

ቢሊሴ በሩን ሳትዘጋው ወጣች። ገበያነሽ የዚያኑ ቀን ዮአብ ጋ ደውላ፣ እሱ በስልክ እያመላከታት ፓስወርዱን ቀየረችው። አዲሱን አቶ ሃድጉንም ከለከለቻቸው። ለቢሊሴ አሳልፈው ይሰጣሉ ብላ ጠረጠረች፤ መጠርጠሯንም ፊት ለፊት ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ግቢው ተኮራረፈ። የውሃ ቧንቧው ጋ እንኳ አንዱ ሲመጣ ሌላው ባልዲውን አንስቶ ይሄዳል።

ቢሊሴ በስልኳ ዳታ እየሠራች ልትቀጥል ሞከረች፤ ድምፁ እየተቆራረጠባት አልሆነላትም። አቶ ሃድጉ ቅሬታቸውን ዋጥ አድርገው ሽማግሌ እንድትልክ መከሯት። እሳቸውም ለዚህ ጉዳይ ይበጃል ያሉትን ሰው ፈልገው አመጡ፤ አቶ ወዳጆን፣ የገበያነሽን የካዛንቺስ የግድግዳ ጎረቤት። ገበያነሽ ወዳጆን በሯ ላይ ስታየው ልቧ ዘለለ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ በዓይኗ አላየችውም ነበር። ወዳጆና ሃድጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደወጉ ቆሙ። ወዳጆ በደንብ ተናገረ። ልጅ ናት፣ ብታጠፋም አንቺ ትልቋ ነሽ፣ ስለ እኛ ስትይ ማሪያትና መስመሩን ክፈቺላት፣ አለ።

"አይሆንም" አለች ገበያነሽ። "ተናቅኩ እኮ። አይሆንም።"

ይሄ አይሆንም የልቧ አልነበረም። እሷ ባደገችበት ሰፈር በመጀመሪያው ልመና እሺ የሚል ሰው ቀላል ተደርጎ ይታያል። ሽማግሌ ይመጣል፣ እምቢ ይባላል፤ ተመልሶ ይመጣል፣ ነገሩ ይለዝባል፤ ከዚያ ይሳሳማሉ። ገበያነሽ ቂሟን የጨረሰችው ወዳጆን በሩ ላይ ያየችው ጊዜ ነው። ሲመለሱ እሺ ልትል ቆርጣለች። ሲሄድም ወዳጆ በዓይኑ ገብቶኛል ያላት መሰላት። ወዲያው ለምላሹ ቀን ተሰናዳች። አዳዲስ ብርጭቆዎች ገዛች፣ አምቦ ውሃ አስቀመጠች፣ የሶፋውን ልብስ አጠበች። መስታወት ፊት ቆማም ቢሊሴን ስትስማት የምትላትን ተለማመደች። እሑድ መጣ፣ ሽማግሌዎቹ ግን አልመጡም። በሚቀጥለውም እሑድ አልመጡም።

በምትኩ የመጣው የመሰርሰሪያ ድምፅ ነው። ገበያነሽ ስትወጣ ዮአብ መሰላል ላይ ሆኖ የቢሊሴን ግድግዳ ይበሳል። አዲስ መስመር ነው አላት፣ በቢሊሴ ስም፣ ባንድዊድዙም ከእርስዎ ይበልጣል። ይህን ያለው ለደግ ነው፤ አንዳንድ ሰው መቼ ዝም እንደሚባል አያውቅም። አቶ ሃድጉ ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ዜና በስልካቸው ያያሉ። የማን ዋይፋይ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

"ለምን አልተመለሳችሁም?" አለቻቸው።

ሃድጉ ዓይናቸውን ከስልኩ አላነሱም። የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም ብለው ለልጅቷ እንደነገሯት፣ እሷ ግን ሥራዬ የሴትዮዋን እምቢታ እስከ ስንተኛው ድረስ ይጠብቅ እንዳለቻቸው ነገሯት። ከዚያ ቀና አሉ።

"ደግሞስ እኔን ምን ብበድልሽ ነው የዘጋሽብኝ? አንድ ቀን ይቅርታ ትይኛለሽ ብዬ ነበር።"

ገበያነሽ ቤቷ ገባች። መስመሩ አሁን ሙሉ በሙሉ የሷ ነው፤ ስብከቱ ቅንጣት ሳይንቀራፈፍ ይንቆረቆራል። አስጠላት። ድሮ ኢንተርኔት ሲጠፋ እንኳ "አንቺም ጋ ጠፋ?" እያሉ ይመጡ ነበር። አሁን ቢጠፋ ማን ይጠይቃታል? ሰነበተች፣ ቻለች፤ አንድ ቀን ግን አልቻለችም። ነጠላዋን ደርባ ግቢውን አቋርጣ የቢሊሴን በር አንኳኳች።

"መስመሬ ተበላሽቶ ነው" አለች ቢሊሴ ስትከፍትላት። "ለዛሬ ብቻ ያንቺን ፓስወርድ ስጪኝ።"

ቢሊሴ ማዳመጫዋን ወደ አንገቷ አወረደች። ስልኳን አውጥታ አየችና የገበያነሽ ሲግናል እዚህ ድረስ ሙሉ ሆኖ እንደሚታይ ነገረቻት። ሲግናል ሙሉ ሆነ ማለት ኢንተርኔት አለ ማለት አይደለም አለች ገበያነሽ።

"አውቃለሁ" አለች ቢሊሴ። "በደንብ አሳውቀውኛል።" እጇን በሩ ላይ አደረገች። "ሽማግሌ ይላኩብኝ።"

በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ዘጋችው። ገበያነሽ ቤቷ ተመልሳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሃድጉን እንዳትልክ፣ እሳቸው ራሳቸው ይቅርታ ይጠብቃሉ። ወዳጆ ጋ ደወለች። ሰላምታውን አሳጥራ፣ እንዲመጣላትና ከልጅቷ ጋር እንዲያስታርቃት ለመነችው።

"ገበያነሽ፣ ያን ዕለት ሁለት ታክሲ ይዤ መጥቼ ደጅሽ ላይ አቁመሽ መለስሽኝ" አለ ወዳጆ። "ሚስቴ ምን ሆነህ ነው ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ ከፍቶኝ ነው የገባሁት።"

"የመጀመሪያው ቀን እኮ ነው፣ ወዳጆ። እንደምትመለሱ... ብርጭቆ ሁሉ ገዝቼ ነበር።"

"እኔ እውነትሽን መስሎኝ ነው" አለ ወዳጆ። "እስቲ አያለሁ፣ እደውልልሻለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ገበያነሽ ቪዲዮውን አጥፍታ፣ ሲደወል እንዳያመልጣት ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።