እንግሊዝኛ የሌላት መዝሙር

ኤውዶሲዮ ሸማኔ ነበር። እዚህ ሳልቲዮ ውስጥ ሸማኔ ከቁንጫ ይበዛል፤ እሱ ግን ሳራፔ የሚባለውን ባለ ቀለም መስመር ብርድ ልብስ እየሸመነ መዝሙር ይተረጉም ነበር። እንግሊዝኛ የሚችል እንዳይመስላችሁ። አንድ ፈረንጅ በእንግሊዝኛ ሰላም ቢለው ደንግጦ ባርኔጣውን ያወልቃል። የኔና የነሱ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ የምነግራችሁን ሁሉ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ግድግዳው ላይ ተለጥፈሽ ነው ብትሉኝም አልቀየማችሁም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሚስ ፕራት የምትባል፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከፈረንጆቹ አገር የመጣች የሚሲዮን አስተማሪ አለች። ኦርጋኗን እየመታች የእንግሊዝኛውን መዝሙር መስመር በመስመር፣ በዚያ በሚያነክስ እስፓኒሽዋ ትነግረዋለች። "እዚህ ጋ ነፍሴ መርከብ ናት ይላል፤ እዚህ ጋ ማዕበል መጣ ይላል።" እሱ ያንን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ይመጣና መሸመኛው ላይ ይቀመጣል። መርገጫውን በዜማው ልክ ይረግጣል፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ቃሉ ከእግሩ ጋር አልሄድ ካለ ይጥለዋል። አንዳንድ ሳምንት አንድ መስመር ለማግኘት ግማሽ ሳራፔ ይጨርሳል።

አሥር መዝሙር እንዲህ ወጣ። አሥራ አንደኛዋ ናት ጉዷ።

እሷ በወጣችበት ዓመት ሚስ ፕራት እናቷን ልታስታምም አገሯ ሄደች። የኤውዶሲዮ ልጅ ኤልቪራ ደግሞ ጉሮሮዋን ታመመች። ዘጠኝ ቀን ውኃ እንኳ አልወርድላት አለ። ሰውዬው ሚስ ፕራት የመታችለትን፣ ትርጉሙን ግን ያልነገረችውን አንድ ዜማ ይዞ የራሱን ቃል አለበሰው። በግንባሯ ላይ ስላለው እርጥብ ጨርቅ፣ ስለ ትንፋሿ፣ ሁሉንም። ልጅቷ ዳነች፤ ዛሬ ቶሬዮን ከተማ አግብታ ወሬዋ ከኔ ይብሳል። መዝሙሯን ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ወደዳት። የመዝሙር ደብተራችንን የሚገለብጠው ዲያቆን እንደ ሌሎቹ ሁሉ "ከእንግሊዝኛ፣ በኤውዶሲዮ" ብሎ ጻፈባት። ኤውዶሲዮ አየ፤ ዝም አለ። ያኔ ከማዶ ያልመጣ መዝሙር ማን መዝሙር ይለው ነበር? ስድስት ዓመት ዝም አለ።

ከዚያ ከወንዙ ማዶ፣ ኤል ፓሶ ካለው የመዝሙር ኮሚቴ ደብዳቤ መጣ። የመዝሙር መጽሐፍ በማተሚያ ቤት ሊታተም ነው፤ የኤውዶሲዮ አሥራ አንዱም ሊገቡ ነው። ከኮሚቴው ወንድም ፕሊኒዮ የሚባል ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ እስፓኒሹን ከእንግሊዝኛው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ያያል።

ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ሰውዬው እህል ተወ። መርገጫውም ተሳከረ፤ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ዝም፣ ግራ። ሚስቱ ቴኦፊላ በግድግዳው በኩል ስትጮህ እሰማለሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቀይ መስመር ሰክሯል እንዴ? ማን ይገዛዋል?"

"ፍቺው።"

"ትናንትም ፈታሁ! ምን ነካህ?"

ሲጨንቀኝ ሄድኩ። ባቄላ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ባዶ እጅን ማን ምስጢር ይነግራል? ቴኦፊላ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ፊቱ ቁጭ አልኩ።

"ሴት ነው?" አልኩት።

"እህት ክሌታ፣ ምን ዓይነት ሴትዮ ነሽ!"

"እንግዲያው ንገረኛ።"

ነገረኝ። "ውሸታም ነው ብለው የኋላ ወንበር ያስቀምጡኛል። እሱስ ይሁን። መዝሙሯን ግን ያወጧታል። እሷ ከወጣች አሥሩ ቢታተሙ ምን ያደርጉልኛል?"

በኛ ቤተ ክርስቲያን የተቀጣ ሰው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አይዘምርም፣ ቅዱስ ቁርባንም አይቀበልም። ኤውዶሲዮ ደግሞ መዝሙር የሚያነሳልን እሱ ነው።

እኔ መላ አላጣም። ሚስ ፕራት ከአገሯ ከተመለሰች ቆይታለች፤ በማግስቱ እሷ ጋ ሄድኩና አንገቴን ደፋሁ። "ሚስ ፕራት፣ ሳን አንቶኒዮ ያለች የአክስቴ ልጅ እስፓኒሹ እየጠፋባት ነው። ያቺን የኤውዶሲዮን መዝሙር በእንግሊዝኛ ቢጽፉልኝ ልልክላት ነበር።"

"ዋናው እንግሊዝኛ የት ሄደ?" አለችኝ።

"አይጥ በላው።"

ሳቀችና ጻፈችልኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ወረቀቱ ግን ያምር ነበር። እየሮጥኩ ወሰድኩለት።

"ይኸውልህ እንግሊዝኛህ! አርፈህ ብላ።"

ወረቀቱን እንደ ጊንጥ በሁለት ጣቱ ያዘው። "እስካሁን ዝም ነበር ያልኩት፤ አሁን ልዋሽ ነው?"

"እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ አንተ ታቀብላለህ እንጂ።"

ኪሱ ከተተው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጁ ከኪሱ አይወጣም፤ ወረቀቷ አለች የለችም እያለ ይዳብሳል።

ወንድም ፕሊኒዮ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጣ። ቀጭን ነው፣ መነጽሩ ወፍራም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛውን ከበው ተቀመጡ። እኔ ወለል ልጠርግ መጥቼ ወለሉ አላልቅ አለኝ። ኤውዶሲዮ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ቀጥ አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ዞር ስል ሚስ ፕራት ጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጣለች።

ለምን እንደቆመ ስንወጣ ነው የነገረኝ። ለካ የሰው የእጅ ጽሑፍ እንደ መልኩ ይታወቃል! እኔ በምን አውቄ? ለኔ ጽሑፍ ሁሉ ያው የጉንዳን ሰልፍ ነው። የራሷን ጽሑፍ ለራሷ ሊያሳያት ነበር።

ወንድም ፕሊኒዮ አንድ በአንድ አየ። አሥሩን እንግሊዝኛ ሚስ ፕራት ከመጽሐፏ አወጣችለት። "ጥሩ... ጥሩ... ይሄ ትንሽ ረዝሟል... ጥሩ።" ከዚያ ቀና አለ። "አሥራ አንደኛዋስ? የዚህ ዜማ እንግሊዝኛ ስለ ወደብ ነው የሚያወራው። ወንድም ኤውዶሲዮ፣ የሷ ቃል ከየት ነው?"

እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። መጥረጊያዬን ጨብጬ ቆምኩ። ሚስ ፕራት እኔን አየችኝ፤ እኔ ጣሪያውን።

"እንግሊዝኛ የላትም" አለ። "እኔ ነኝ ያወጣኋት። ልጄ ታማ ነበር።"

ያናገረው ኅሊናው ይሁን የሚስ ፕራት ዓይን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄዋለሁ፤ እሱም አያውቅም።

አንዱ ሽማግሌ ጠረጴዛውን መታ። "ስድስት ዓመት!"

"አዎ።"

"እና እኛ ከእንግሊዝኛ ነው ብለን ስንዘምር?"

"እንግሊዝኛ አልዘመራችሁም እኮ!" አልኩኝ ከጥግ።

"እህት ክሌታ፣ ወለሉ ጸድቷል!"

ሁለት ወር የኋላ ወንበር ፈረዱበት። ወንድም ፕሊኒዮ መዝሙሯን ለብቻዋ አጥፎ ቦርሳው ከተተ። "የተተረጎመ ብቻ ተቀበል ተብዬ ነው የታዘዝኩት። ለኮሚቴው አቀርባለሁ። ምንም ቃል አልገባልህም" ብሎት ሄደ።

እነዚያን ሁለት ወራት አትጠይቁኝ። እሑድ እሑድ ከኋላ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሌላው ሰው ሲያነሳ መዝሙሩ ይጎተታል፤ ኤውዶሲዮ አፉን ዘግቶ በእግሩ ወለሉን ይረግጣል። ፖስተኛ ባለፈ ቁጥር ቴኦፊላ ከኔ ቀድማ በር ላይ ናት፤ ከኔ ቀድማ!

መጽሐፎቹ በኅዳር በሳጥን መጡ። ኤውዶሲዮ መግለጥ አቅቶት ለቴኦፊላ ሰጣት። መዝሙሯ አለች! ስሙም አለ፤ "ቃል፦ ኤውዶሲዮ" ይላል አሉኝ። ቴኦፊላ ግን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ገለበጠች።

"ሦስተኛው አንጓ የለም።"

የእርጥቡ ጨርቅ አንጓ። ኮሚቴዎቹ በጌታ ቤት ጨርቅ አይዘመርም ብለው ቆረጡት። ሰውዬው መሸመኛው ላይ ተቀመጠና ሳይረግጥ ዋለ።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ቅጣቱ አልቆ ኤውዶሲዮ ከፊቴ ቆሞ ሲያነሳልን፣ እሷን ዘመርን። ሁለተኛው አንጓ አለቀ፤ መጽሐፍ የያዘው ሁሉ ዘግቶ ተቀመጠ። እኔ መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል? የጨርቁን አንጓ ቀጠልኩ። ፓስተሩ አፈጠጠብኝ። ከወዲያ ጥግ ሌሎቹ ማንበብ የማይችሉ አሮጊቶች ተቀበሉኝ።

"እህት ክሌታ፣ ዝም በይ፣ ታስቀጪናለሽ!" አለ ኤውዶሲዮ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

"አንተ መጽሐፉን ዘምር" አልኩት። "ይሄኛው የኛ ነው።"