ስፒከሩን ያለበሰችው ልብስ ሰፊ

ሐሜት አይሁንብኝና፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ሚስቱን ከሳሎን ያስወጣት ሌላ ሴት አምጥቶ አይደለም፤ ሁለት ስፒከር ገዝቶ ነው።

ዕድሜ ልኩን የሰው ሬዲዮ ሲፈታ ኖሮ፣ በስተርጅና ለራሱ ደህና ስፒከር ቢያምረው ምን ይፈረድበታል? ገና ከመክፈቱ ግን ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጆሮዋን ያዘች።

«ይሄ ዘፋኝ ‹ስ› ባለ ቁጥር በመርፌ ነው የሚወጋኝ።»

«ድምፁ ስለጠራ እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ።»

«እንግዲያው ከጥራትህ ጋር ኑር» ብላ የስፌት መኪናዋን እየጎተተች ጓዳ ገባች።

ቤቱ ጭር አለበት። ስንት ዓመት ሙሉ የመኪናዋን ቀጭ ቀጭ እየሰማ ነው ሲሠራ የኖረው። ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ፣ እንዳይቀንሰው፣ ሲቀንሰው ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስለዋል። ስለዚህ ባዶው ወለል ላይ ምንጣፍ አነጠፈ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለ፣ ስፒከሮቹን ከወንበሯ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞራቸው። በየጊዜው «እስቲ ነይ ስሚው» ይላታል። መጥታ ግማሽ ዘፈን ትሰማና፣ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ፊቷን አጨማዳ ትመለሳለች።

በመጨረሻ ሰለቻት። አንድ ከሰዓት የካፖርት ቁራጭ አመጣች፣ ሦስት እጥፍ አድርጋ፣ በየስፒከሩ ላይ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋን ትንሿን ክብ በጨርቁ ሸፈነችና ዙሪያውን ሰፋችው። ዘፈኑን ከፍታ ወንበሯ ላይ ተደላደለች።

«አሁንስ?» አለችው።

«ምኑ? ያው ነው እኮ። ምንም አልተለወጠም።»

«ለኔ መርፌው ጠፍቷል። ላንተ ያው ከሆነ፣ ያን እንደ መርፌ የቀጠነውን ድምፅ ድሮም አትሰማውም ነበር ማለት ነው።»

ከሬዲዮ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ፊቱ ድቅን አሉ። ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለው፦ ዳግመኛ ለጥገና በሚመጣ ሬዲዮ ሁሉ፣ እሱ ከፍ ያደረገውን ትሬብል ወደ ታች ተመልሶ ነው የሚያገኘው። ‹ልጆች ነክተውት ነው› ይል ነበር።

«ደንበኞቹም ያውቁ ኖሯል?»

«ሰፈሩ በሙሉ። ሥራህን ስለሚወዱት ማን ጨክኖ ይንገርህ? እቤታቸው ገብተው ይቀንሱታል።»

«አንቺስ?»

«እኔማ መናገር ሲያቅተኝ ሰፋሁልህ።»

አፍራለሁ ብሎ ሲጠብቅ ደስ አለው። ይሄን ሁሉ ዘመን የጆሮውን ጉድለት ሸፍነውለት ኖረዋል። ተነስቶ የስፌት መኪናዋን ራሱ ወደ ሳሎን ጎተተው።

ዛሬ ዛሬ የጠገነውን ሬዲዮ መጀመሪያ ለእሷ ይከፍትላታል፤ እሷም እግሯን ከመኪናው ሳታነሳ እጇን ዘርግታ ትሬብሉን ታስተካክላለች። ደንበኛ ሲያመሰግነው «ግማሹ የእሷ ነው» ይላል።

«ግማሹ ብቻ?» ትላለች፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።