የዳማ የኋላ ጥርስ

ምንዋጋው ሞተሩን ዳማ ይላታል። ድሮ ቀይ ነበረች፤ አቧራውና ፀሐዩ ተጋግዘው ቀለሟን በልተውት ዛሬ የገል ስባሪ መስላለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከሰቆጣ አምደወርቅ፣ ከአምደወርቅም አልፎ ሚኒባስ ወደማይደርስባቸው የደሃና መንደሮች ሰው አመላልሶባታል። ሙሽራ ጭኗል፣ ቄስ ጭኗል፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኗል። መንገድ በተዘጋባቸው በእነዚያ ክፉ ወራት ጨውና መድኃኒት ጭኗል። ዳገት ሲገጥመው የነዳጅ ታንከሯን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ የሚያንጎራጉርላት ግጥም ነበረው፦

ዳማዬ ዳማዬ፣ ዳገቱ ምን አለው፣
ያንቺ ጥርስ ባይበላው የኔ ጥርስ ይንከሰው።

እንግዲህ የዳማ ጥርስ አለቀ። የኋላ ጥርስ የሚሉት ካቴናው ተጠምጥሞ ጎማውን የሚያዞርበትን ክብ ብረት ነው። የዋግ ዳገት ይህን ብረት እንደ ሽማግሌ መንጋጋ ያራግፈዋል። ጥርሶቹ በአንድ ወገን ተበልተው እንደ ማጭድ ሲቆለመሙ የሰቆጣ ሞተረኛ አይጥለውም፤ ፈትቶ ይገለብጠዋል፤ ያልተበላው ፊቱ ደግሞ ጥቂት ያገለግላል። ምንዋጋውም የዛሬ ሁለት ዓመት ገልብጦት ነበር። አሁን ግን በሁለቱም በኩል ተበልቶ፣ ዳገት ላይ ካቴናው እየዘለለ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ስለዚህ አዲስ ጥርስ ከነካቴናው ከወልዲያ በሚያውቀው ሾፌር አስመጣ።

ረቡዕ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ዳማን ጓሮው መሃል በማቆሚያዋ አቁሞ ሥራ ጀመረ። ሚስቱ ባንቺ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ ትጠቅማለች።

«ምነው አንተ፣ እዚህ ጥላ እያለ?» አለችው።

«ብረት ፀሐይ ሲያገኘው ይላላል።»

ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። መርፌዋን ሳበች።

እሱ ብርሃን ፈልጎ ነው። ዓይኑ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ፣ እየጠበበ መጥቶ፣ አሁን ዓለምን የሚያያት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው። ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ» ብሎ ጠብታ ሰጥቶታል። እሱ ግን ለባንቺ «ጠብታው የአቧራ ነው» አላት። እውነቱን ለማንም አልተናገረም። ዳማን ወደ ወንዳወቅ ጋራዥ ያልወሰዳትም ለዚሁ ነው፤ ወንዳወቅ የሰውን እጅ አይቶ የሰውን ሆድ የሚያነብ መካኒክ ነው። ቡሎኑን ስቶ ሲዳብስ ቢያየው፣ ከዚያ በኋላ ማን ከኋላው ይቀመጣል? ሞተረኛ ካልሆነስ ምንዋጋው ምንድን ነው?

ካቴናውን ፈታ። ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ፣ ፐርኖውን፣ ከዳዶው አላቆ ሳበና ጎማውን አወጣ። አሮጌውን ጥርስ የያዙት ዳዶዎች ዝገው እምቢ ሲሉት መፍቻው ላይ በክብደቱ ሁሉ ተንጠለጠለ። ወገቡ ጮኸ። ድካሙ የዛሬ አልነበረም፤ የአሥራ አራት ዓመት ድካም፣ እያንዳንዱ ጥምዝና እያንዳንዱ ጉድጓድ፣ ተራውን ጠብቆ ዛሬ የደረሰ ይመስል ነበር። አዲሱን ጥርስ አንስቶ አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረው፤ የሚቆጥረው በእናቱ ቋንቋ በኽምጣንጋ ነው። ባንቺ ጆንያውን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ አየችው። ሰው አጠገቡ ያለውን በጣቱ የሚቆጥረው ለምንድን ነው?

ከካቡ ማዶ ሳቅ ተሰማ። ወንዳወቅ ነው፤ ለምሳ እያለፈ።

«ጋሽ ምንዋጋው! ጋራዥ ከፈቱ አሉ?»

«ከፍቻለሁ። ወለል የሚጠርግ ሰው አጥቼ ነው፤ ትገባለህ?»

«ምሳ ካበሉኝ እገባለሁ። ኧረ ያምጧት፣ በግማሽ ሰዓት እጨርስልዎታለሁ!»

«አንተ ስትጨርሳት ነው የፈራሁት!»

ወንዳወቅ እየሳቀ ሄደ። ምንዋጋው የሳቁ ድምፅ እስኪርቅ መፍቻውን አላነሣም።

ጥርሱን አሰረ፤ ጎማውን መለሰ። አዲሱን ካቴና ሊያዞር ሲል ደግሞ የጓሮው በር ተንኳኳ። ሰላማዊት ናት፣ ደሃና ውስጥ የምታስተምረው፤ የሦስት ወር ልጅዋን አዝላለች። የወሊድ ፈቃዷ አልቋል።

«ጋሼ፣ የነገው እንደተባባልነው ነው አይደል? በጠዋት?»

«በጠዋት።»

«ልጄን ይዤ ሌላ ሰው ጋ አልቀመጥም ብዬ እኮ ነው። ካንተ ጋር ከሆንኩ እንቅልፍም ይወስደኛል።»

ምንዋጋው በድምፅዋ አቅጣጫ ፈገግ አለ። «ተኝተሽ ትደርሻለሽ» አላት። ከሄደች በኋላ ግን ፈገግታው ማንም እንዳልወሰደው ዕቃ ፊቱ ላይ ቀረ።

የመጨረሻዋ ሥራ መቆለፊያዋ ናት። የካቴናውን ሁለት ጫፍ የምታገናኝ የጣት ጥፍር የምታክል ስስ ብረት፣ ቅርጿ ዓሣ የመሰለ፤ ራሷ ድፍን፣ ጭራዋ ክፍት። ራሷ ካቴናው በሚሄድበት በኩል መቅደም አለበት። በጭራዋ ከቀደመች ድንጋይ ሲነካት ትፈናጠራለች፤ ካቴናው ይበጠሳል፤ በዳገትም ሆነ በቁልቁለት ከተበጠሰ የሚሆነውን እግዜር ያውቃል። ምንዋጋው ወጣት ሳለ ይህን እንዳይረሳ ግጥም አበጅቶላት፣ ካቴና በገጠመ ቁጥር ይዘፍናት ነበር። ባንቺ ስንቱን ዓመት ሰምታለች።

አሁን ሳይዘፍን ገጠማት። በፒንሳ ቀጭ አደረጋትና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

ባንቺ ተነሥታ አጠገቡ መጥታ ነበር። ጎንበስ ብላ አየች። አየችና ደነገጠች፤ ግን አልጮኸችም። ቀና ብላ፣ ሰፈር በማይሰማው ድምፅ አንጎራጎረች፦

ተከዜ ወርጄ ዓሣውን ባየሁት፣
ራሱ ወደፊት ነው፣ በጭራ አትንዱት።

ምንዋጋው እጁ ጨርቁ ላይ ቀረ። ከዚያ ጣቱን ልኮ ካቴናው ላይ መቆለፊያዋን ፈለገ፣ ዳሰሳት።

«ተገልብጣለች?»

«ተገልብጣለች።»

መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። እሷም አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ዓይንህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፍልሰታ ወዲህ ባሰ።»

«ጠብታው የአቧራ ነው አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«እኔ ጠላትህ ነኝ ወይ፣ ምንዋ?»

ዶሮዎቹ የዘይቱን ጨርቅ ሊጫሩ መጡ፤ አላባረራቸውም። «ባለፈው ሳምንት» አለ በመጨረሻ፣ «ዳማን እየነዳሁ አህዮች መሃል ገባሁ። የዛፍ ጥላ መስሎኝ። ባለቤቱ ሰደበኝ፤ ሰካራም አለኝ። ሰካራም ነው ብሎ ቢያስወራ ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

ባንቺ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። «ሰላማዊት ልጅ አዝላ ልትቀመጥልህ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። እሷ ‹እንቅልፍም ይወስደኛል› ስትል ነው ወገቤ የተቆረጠ።»

ፒንሳውን ዘረጋላት። በሕይወቷ ይዛው አታውቅም። እሱ ጣቷን በጣቱ እየመራ፣ እሷ ዓይኗን እያበደረችው፣ ዓሣዋን አውጥተው በራሷ በኩል መልሰው ገጠሟት። ጎማውን አዞረው። አዲሱ ጥርስ አዲሱን ካቴና እያቀበለ፣ ያለ አንዳች ቀጭታ፣ ሽው አለ።

«ወንዳወቅን ጥሪልኝ» አለ ምንዋጋው።

«ዛሬውኑ?»

«አሁን። ልቤ ሳይመለስ።»

ወንዳወቅ ቀልዱን አዘጋጅቶ መጣ፤ ባልና ሚስቱን መሬት ላይ ሲያይ ቀልዱን ዋጠው። ምንዋጋው ነገሩን ባጭሩ ነገረው። ወንዳወቅ ወሬውን እንዳልሰማ ሁሉ ጎማውን አዞረ፣ ካቴናውን በጣቱ ከፍ ዝቅ አደረገ፣ መቆለፊያዋን አየ።

«ማነው የገጠመው?»

«እኔና ባለቤቴ።»

«ከኔ እጅ ይሻላል» አለ፤ እየቀለደም አልነበር። «ሰላማዊትን ነገ እኔ አደርሳታለሁ፣ ጋሼ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ ቀስ ብለን እንነጋገራለን።»

«ከሦስተኛው ጥምዝ በፊት ማርሽ ቀንስ። ዳማ ዳገቱ መሃል ሲቀነስላት አትወድም።»

«እሺ።»

«ቁልቁለቱ ላይ አትዘፍንባት። የዳገት ዘፈን ነው የለመደች።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

በማግስቱ ማለዳ ምንዋጋው ጋቢውን ተከናንቦ ከበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ነገሩን ማታውኑ የሰማችው ሰላማዊት ስትሰናበተው አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ልጅዋን አጥብቃ አዝላ ከወንዳወቅ ኋላ ተቀመጠች። ዳማ ተነሣች፤ ከተማውን ለቀቀች፤ ድምፅዋ ዳገቱን ያዘ። አንደኛው ጥምዝ። ሁለተኛው። ከሦስተኛው በፊት ወንዳወቅ ማርሽ ለመቀነስ ጥቂት ዘገየ፤ ምንዋጋው ደፉ ላይ እንደተቀመጠ የግራ እግሩ ብቻውን አፈሩን ረገጠ፣ ማርሽ ቀነሰ።

ባንቺ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ያዘች። ልታባብለው ብላ «ዳማዬ ዳማዬ…» ስትል ጆሮውን ወደ ዳገቱ እንዳዘነበለ እጁን አንሥቶ አስቆማት።

«ቆይ፣ ባንቺዬ» አላት። «ገና ትሰማኛለች።»