ጋሽ ሰይድ ሳን ሆዜ ሄደው ስማቸውን የተናገሩበት ቀን

ቅዳሜ መስከረም 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከኦክላንድ ተነሣን። የምንሄደው ሳን ሆዜ ነው፤ ጉዳያችን የምሳ ግብዣ ነበር። ጋሽ ሰይድ የአክስቴ የጦይባ ባል ናቸው። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። በዚያ ሰሞን ግን የዓይናቸውን ሞራ ተገፈው ሐኪሙ ለጊዜው መኪና እንዳይነዱ ስለከለከላቸው፣ በባቡርና በአውቶቡስ እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። እኔ በዲቪ ከመጣሁ ገና ዓመት ከመንፈቄ ነበር፤ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። የቅዳሜ ሺፍቴን ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬ ወጣሁ።

ለእኛ የአዲስ ዓመት ቀን ነው። ዒድም ትናንት ነበር። ለአሜሪካኖቹ ግን ያ ቀን የኒውዮርክ ሕንፃዎች የወደቁበት መታሰቢያ ነው። ጣቢያው አጠገብ ያለው ባንዲራ ዝቅ ተደርጎ ተሰቅሏል። ሰዉ ግን እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ነው፤ ብስክሌት የያዘ አለ፣ ልጁን በጋሪ የሚገፋ አለ፣ ኳስ ሊያይ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገም አለ። ጋሽ ሰይድ አክስቴ ለዒድ ከሠራችው ሙሸበክ የሚባል ጣፋጭ አንድ ካርቶን በጥቁር ቦርሳ ይዘዋል።

ባቡር ውስጥ

በስተግራችን የሄይዋርድ ኮረብታዎች ዝናብ ካዩ ወራት ስላለፋቸው እንደ ገለባ ቢጫ ሆነዋል። በስተቀኝ መጋዘን ነው፣ የመኪና መሸጫ ነው፣ የሰው ቤት ጓሮ ነው። ሳን ሊያንድሮን እንዳለፍን ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞረው፣ "እዚያ ስንደርስ ሳም ነው የምባለው፤ እንዳትስቺ" አሉኝ።

ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ነገሩኝ። ጥቃቱ የደረሰ ዕለት ጠዋት ኦክላንድ አየር ማረፊያ ተራ ይዘው ቆመው ነበር። በረራ ሁሉ ሲቆም ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። አንዲት ነጭ ሴትዮ መኪናቸው ውስጥ ገቡና "ሳን ሆዜ" አሏቸው። ማርጋሬት ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ኒውዮርክ ልጃቸው ኤለን ዘንድ ሊሄዱ ነበር። ኤለን ደግሞ የምትሠራው ከወደቁት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሴትዮዋ መንገዱን ሁሉ ስልክ ሲደውሉ ሄዱ፤ የሚያነሣ የለም። ሄይዋርድ አካባቢ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ "ስምህ ማን ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"ሬዲዮው ምን እያለ እንደነበር ሰምቻለሁ" አሉኝ ጋሽ ሰይድ። "ሳም ነኝ አልኳቸው።"

የታክሲውን ሒሳብ አልተቀበሏቸውም። ኤለን አልተገኘችም። በዓመቱ ማርጋሬት ያን ቀን በተቀበሉት ስልክ ቁጥር ደውለው፣ ያን ቀን ብቻዬን መዋል አልችልም፣ ምሳ አብረኸኝ ብላ አሏቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይሄዳሉ። ያለፉት ሁለት ዓመታት ቀኑ ረመዳን ውስጥ ስለዋለ፣ ጨጓራዬን አሞኛል እያሉ ሳይበሉ ተመልሰዋል። ሴትዮዋም ለጨጓራ የሚስማማ ሾርባ ሠርተው፣ በዕቃ አድርገው ያስይዟቸው ነበር።

ፍሪሞንት

ባቡሩ ፍሪሞንት ያበቃል፤ ከዚያ አውቶቡስ ነው። ጋሽ ሰይድ ሽንት ቤት ሲሄዱ እኔ ለአውቶቡሱ የምንከፍለውን አራት አራት ዶላር ለመዘርዘር ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ስመለስ የተቀመጥንበት አግዳሚ ዙሪያ ሰው የለም። አንድ ፖሊስ ክንዱን ዘርግቶ ሰዉን ያርቃል። አግዳሚው ላይ ያለው የእኛ ጥቁር ቦርሳ ነው። ጋሽ ሰይድ እኔ የያዝኩት መስሏቸው፣ እኔም እሳቸው የያዙት መስሎኝ ትተነው ሄደናል።

እኔ ከሰዉ ጋር ወደ ኋላ ቀረሁ። ጋሽ ሰይድ ግን ከኋላዬ መጥተው በቀጥታ ወደ ፖሊሱ ሄዱ። የእኔ ነው አሉት። አይዲ ጠየቃቸው፤ ሰጡት። ሙሉ ስማቸውን እስከ አያታቸው አነበበና ምን እንዳለበት ጠየቃቸው።

"ጣፋጭ ነው" አሉት። "ትናንት በዓላችን ነበር።"

ራሳቸው እንዲከፍቱት አዘዛቸው። ከፈቱ። ፖሊሱ ካርቶኑን አየ፣ እሳቸውን አየ። "በተለይ ዛሬ ዕቃዎን ጥለው አይሂዱ" ብሎ አይዲያቸውን መለሰላቸው። ቆመው ይመለከቱ የነበሩት ሰዎች ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። አንዲት ሴት ብቻ ልጇን ይዛ ከእኛ ራቅ ብላ ቆመች፤ አውቶቡሱ ሲመጣም አልገባችም።

አውቶቡሱ ውስጥ ጋሽ ሰይድ ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከመንገዱ ዳር ያሉትን የጨው ኩሬዎች አልፈን ሚልፒታስ ስንገባ ወደ እኔ ዞሩ። "ለማላውቀው ፖሊስ የነገርኩትን ስም ለማርጋሬት ሳልነግር ልሞት ነው?"

ሳን ሆዜ

ማርጋሬት በር ላይ አቅፈው ተቀበሉን። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ጠረጴዛው ለአራት ሰው ተዘርግቷል፤ አንዱ ቦታ ላይ የኤለን ፎቶ አለ። ዶሮ ከድንች ጋር ጠብሰዋል።

ጋሽ ሰይድ ሳይቀመጡ፣ "ማርጋሬት፣ ስሜ ሳም አይደለም" አሉ። "ሰይድ ነው። ሙስሊም ነኝ። ያን ቀን ፈርቼ ነው።"

ማርጋሬት የያዙትን ሳህን አስቀመጡ።

"ዘጠኝ ዓመት" አሉ። "በየማታው ስጸልይ ሳም እያልኩ ነው የማነሣህ።"

ከዚያ በጓሮ በር ወጡና ጀርባቸውን ሰጥተውን ሎሚው ዛፍ ሥር ቆሙ። ዶሮው ይቀዘቅዛል። ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው "እንሂድ" አሉኝ፤ እኔም ቦርሳውን አነሣሁ። በሩ ጋ ስንደርስ ማርጋሬት ተመለሱ። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ብትነግረኝ ምን አደርጋለሁ ብለህ ነበር?"

"ከመኪናው ይወርዳሉ ብዬ።"

ሴትዮዋ አሰቡ። እኔ በልቤ፣ በፍጹም አልወርድም ነበር እንዲሉ እየለመንኩ ነበር።

"ልወርድ እችል ነበር" አሉ። "አልወርድም ነበር ብልህ ደስ ባለኝ። ግን ያን ቀን ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም።"

ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማርጋሬት ወንበር ሳቡላቸው። ሲቀመጡ አንድ ነገር ትዝ አላቸውና፣ "ጨጓራህስ?" ብለው ጠየቁ።

"ጾም ነበር።"

"ሾርባዬንስ?"

"ጀንበር ስትጠልቅ እቤቴ በላሁት። ሁለቱንም ዓመት።"

ማርጋሬት ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው መጣ። ከዚያ ምሳ በላን። እንደ ልማዳቸው ስለ ኤለን አንድ ነገር አወሩ፤ መንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ መውደቋን። ታክሲ ነጂው ጋሽ ሰይድም ራሳቸው ሁለት ጊዜ እንደወደቁ ነገሯቸው። ማርጋሬት ሙሸበኩን ቀምሰው በጣም ይጣፍጣል አሉና ሁለተኛ አነሡ። ልንነሣ ስንል፣ በቋንቋችሁ ለሞተ ሰው ምን ትላላችሁ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሰይድ ፎቶውን እያዩ "ነፍሷን ይማር" አሉ፤ ሴትዮዋ ትርጉሙን እስኪያውቁ አልጠበቁም፣ አሜን አሉ።

ወደ ቤት

አመሻሽ ላይ ኦክላንድ ገባን። አክስቴ ጦይባ ለአዲስ ዓመት የጠራቻቸው ጎረቤቶች ሳሎኑን ሞልተውታል። ስማቸውን እንደተናገሩ ከመንገድ ደውለን ነግረናት ስለነበር፣ ባሏን ወደ ኩሽና ሳብ አድርጋ ሴትዮዋ ምን እንዳሉ ጠየቀቻቸው።

"ልወርድ እችል ነበር አሉኝ" አሏት።

አክስቴ ፊቷ ተለወጠ። እሳቸው ግን ጃኬታቸውን እያወለቁ፣ "እውነታቸውን ነው" አሉ። "እኔም እውነቴን ነገርኳቸው። አሁን ልብላ።"

ከዚያ ጉዞ የተማርኩት እዚያው ኩሽና ውስጥ ነው። እኔ ማርጋሬት ደግ ቃል እንዲናገሩ ነበር የጓጓሁት። ደግ ቃል ብቻ ቢሆን ግን፣ ጋሽ ሰይድ ለሌላ ዘጠኝ ዓመት እውነት ይሆን እያሉ ሲጠራጠሩ ይኖሩ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰው ሐዘኑንም ፍርሃቱንም ይዞ እንዴት አንድ ማዕድ ላይ እንደሚቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሳምንቱ እሑድ የቤቱ ስልክ ጮኸ፤ ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። ማርጋሬት ናቸው። "ሳኢድ አለ?" አሉኝ። ጋሽ ሰይድ ስልኩን ተቀብለው፣ "አለሁ" አሉ፤ አላረሟቸውም።