ለባትሪው የተገኘ ጎጆ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ደምሴ መፍቻ አልሰጡኝም። ጋምቤላ ከተማ ባለችው የሶላር መጠገኛ ሱቃቸው አስቀምጠውኝ፣ «መዳፍሽን እዚህ ባትሪ ላይ አሳርፊ» አሉኝ።

«ለብ ብሏል» አልኳቸው።

«ይህን ለብታ ልመጂው። ከዚህ ካለፈ ታሟል።»

የቀረውን ከስልክ ቪዲዮና ከሞቱ ባትሪዎች ለቃቀምኩት።

አንድ መጋቢት፣ ከተማው በሙቀት ውሃ ሥር ያለ መስሎ ሲርገበገብ፣ ከኢታንግ ወዲያ ካለች ጤና ጣቢያ ሲስተር ትዕግስት ደወለችልኝ። «እህቴ፣ የክትባቱ ፍሪጅ ቀትር በመጣ ቁጥር ይጠፋል። ነገ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ክትባቱ ከተበላሸ ምን ብዬ ልመልሳቸው?»

ደርሼ ባትሪውን ወለሉ ላይ ፈለግኩት።

«ቀና በይ!» አለችኝ እየሳቀች።

ቆጥ ተሠርቶለት ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ተቀምጧል። ክረምት ባሮ ሲሞላ ውሃው እስከ ጉልበት ይገባል፤ እዚያ ሰፈር እህሉም ልብሱም ቆጥ ላይ ነው የሚከርመው። ወጥቼ መዳፌን ባሳርፍ ፈጀኝ። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል። ቆርቆሮው ሲግል እሱ ይተኛል፣ ፍሪጁም ይከተለዋል።

«ይውረድ» አልኩ።

«ወርዶ ባሮ ይውሰደው?»

ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አቆይተን ተፋጠጥን። ጎረቤቷ አሪየት፣ የአኙዋክ እናት ናት፣ በሩን ተደግፋ ስትሰማን ቆይታ፣ «ቆርቆሮ ቤት ሰውም ያማል» አለች። «የእኔ ቤት ሣር ነው። ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ውሃ አይመጣም። ባትሪ የእኔ እንግዳ ይሁን።»

«ኪራዩስ?» አለቻት ሲስተር።

«ስልኬን ቻርጅ ያደርጋል!»

ከጤና ጣቢያው እስከ ጎጆዋ ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ዘርግቼ፣ ባትሪውን አየር እንዲዞረው ከጭቃው ግድግዳ አራቅ አድርጌ፣ እንጨት ላይ አስቀመጥኩት። እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጎጆው ውስጥ ተቀመጥኩ። የሣሩ ክዳን ዝቅ ብሎ ብርሃኑን ያለዝበዋል። ውጭ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ እናቶች ያባብላሉ፤ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስል ነበር። መዳፌ ባትሪው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

«አንቺ!» አለች ሲስተር ከደጅ። «ቀትሩ አለፈ እኮ፤ ፍሪጁ ይሠራል። የመጨረሻዋንም ልጅ ከተብናት።»

ባትሪውን በመዳፌ አዳመጥኩት። ለብ ያለ ነበር።

ለባትሪ ቦታ ስትመርጡ ቀትር ላይ ሄዳችሁ ራሳችሁ ተቀመጡበት። እናንተ መቆየት ካቃታችሁ እሱም አይቆይም።