አባዬ ቆርኪውን የሳቱ ዕለት

ከሁለት ወር በፊት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አባዬ ሊጠይቁኝ ከኩልመስክ ላሊበላ ድረስ መጥተው፣ ጓሮ ያለው የአፈር ቁልል ላይ የቢራ ቆርኪ ስደረድር አገኙኝ።

ያን ሰሞን አንድ አሮጌ የአየር ጠመንጃ ገዝቼ ነበር። ወልድያ ላይ ኢላማ ያስተኩስ የነበረ ሰውዬ ሥራውን ሲተው በርካሽ ሸጠልኝ። ሰደፉ በሽቦ የታሰረ ነው፤ ጥይቱም ከምስር ፍሬ ብዙ አይበልጥም። ቢሆንም ጠዋት እንግዶች ለማስጎብኘት ከመውጣቴ በፊት አስር ጥይት ካልተኮስኩ ቀኑ አይጀምርልኝም። ትንፋሼን ያዝ አድርጌ ቃታውን ስስበው... ቆርኪው ጠቅ ብሎ ሲገለበጥ ደስ ይላል በቃ።

አባዬ ደግሞ በአገራቸው የታወቁ ተኳሽ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሰርግ ላይ ኢላማ ሲተከል እሳቸው ካሉ ሌላው የሚተኩሰው ለሁለተኛነት ነው ይባላል።

ጠመንጃዬን አገላብጠው አዩና ዝንብ ይገድል እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አነጣጠሩ።

ሳቱ። ደገሙ... ሳቱ። አምስተኛው ላይ አፈሙዙ ጠማማ ነው አሉኝ። እኔም ተቀበልኳቸውና ተኮስኩ። ቆርኪው ወደቀ። ወዲያው ምነው ባልተኮስኩ አልኩ።

አባዬ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይገልጣሉ፣ መልሰው ይጨፍናሉ።

«ምን ሆኑ አባዬ?»

«ግራዬን ስጨፍነው ቆርኪው ይጠፋል» አሉኝ ቀስ ብለው። «አፈሩም ይጠፋል... አንተም ትጠፋለህ።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አያውቁም። ግራው ደህና ስለነበር ለካ የቀኙንም ሥራ እሱ ሲሠራ ኖሯል።

ሰኞ ሐኪም ጋ እንሂድ ብላቸው እንቢ አሉ። የፈሩት ሕመሙን አይደለም።

«ሲነካኩት ግራውም ቢከተለውስ?» አሉኝ። እኔም ፈርቼ ነበር።

አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በየቀኑ እየደወልኩ ለመንኳቸው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ራሳቸው ደወሉ። በቀኝ በኩል የመጣ በሬያቸው ሳያዩት ገፍትሮ ጥሏቸዋል። ደህና ናቸው፣ ግን በሬው ካልታየኝማ ምኑን አርሳለሁ አሉ። መጡ።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለን። ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ በፋሻ ሸፍነው ለማግስቱ ቀጠሩን። ያን ቀን ከአጠገባቸው አልተነሳሁም።

በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ማንም ሳይነግራቸው ግራቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አዩኝ። ቆዩ... አሁንም አዩኝ።

«ሸብተሃል እኮ» አሉኝ። «መቼ ነው እንዲህ የሸበትኸው?»

ነርሷ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እኔ እንባዬን እየጠረግሁ ሦስት አራት ፀጉር ብትሆን ነው ብዬ ተከራከርኩ። አባዬ ግን በስተግራዬ እየሄዱ፣ እስከ መኪናው ድረስ አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆጠሩልኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም።